የዓባይ ዳር ገበያ፦ የጁቤና ማዶው



ስለ የጁቤ ታሪክና አቀማመጥ እንድናገር ስጋበዝ ነገሩን ከሩቅ፣ ከለንደንና ከፓሪስ ለመጀመር ወሰንኩ። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ በታጁራ በኩል ገብቶ፣ ሸዋን አይቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ደረሰ። ቀድሞ ንግድ ላይ የኖረ ሰው ነበርና የመንገድና የገበያ ነገር ይገባው ነበር። 1834ንና 1835ን እዚሁ ጎጃም ቆይቶ፣ የጁቤ ከሚያርፉ ነጋዴዎችና በአጠገቧ ከነበረው ከባሶ ገበያ ሰዎች አፍ እየሰማ፣ ራሱ ያልደረሰበትን እስከ እናርያና ከፋ ያለውን አገር በወረቀት ላይ አሰፈረ። አገሩ ሲመለስ የለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። የፓሪሱም ማኅበር እንዲሁ አደረገ።

በዚያው ዘመን አንቷን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ከሲራራ ነጋዴ ጋር ዓባይን ተሻግሮ እናርያ ገባ። ከዚያም የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ያጫትን ሙሽራ ሊያመጡ ከተላኩት ሰዎች ጋር ሆኖ ከፋ ድረስ ዘለቀ። ቢክ ይህን አላመነም። «ከፋ አልደረሰም» ብሎ መጽሐፍ ጻፈ፣ ለፓሪስ ማኅበር አቤት አለ፣ አቤቱታው ሳይሰማለት ሲቀር የተሸለመውን ሜዳይ መልሶ ላከ። ከጊዜ በኋላ የመረመሩ ምሁራን ፈረንሳዊው በእርግጥ ከፋ መድረሱን ተቀበሉ። ይሁን እንጂ እሱም በሌላ ነገር ተሳስቶ ነበር፤ የነጭ ዓባይን ምንጭ በዚያው በእናርያ በኩል አገኘሁ ሲል የተከራከረለት የግቤ ውሃ ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሐይቅ የሚገባ ነው።

ይህን ያነሣሁት ለአንድ ነገር ነው። ሁለት የተከበሩ ሰዎች በአውሮፓ አደባባይ የተወዛገቡበት ያ መንገድ፣ እዚህ የጁቤ ለሚያድር ነጋዴ በየበጋው የሚመላለስበት የሥራ መንገዱ ነበር። የትኛውን ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚሻገሩት፣ የትኛው ባላባት ዘንድ ምን ይዞ መግባት እንደሚገባ፣ ከየትኛው ኬላ በፊት ማደር እንደሚሻል ያውቅ ነበር። ለእነዚያ የአውሮፓ ካርታዎች እውቀቱን የሰጠው እሱ ነው። ስሙ ግን በካርታው ላይ የለም። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ሰው፣ ስለቆመበት መሬት፣ በኋላም መንገዱ እንዴት እንደተዘጋ ነው።

መሬቱን አስቀድመን እንይ። ከበላያችን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ አለ። ጨሞጋና የዳን የመሰሉ ወንዞች ከጮቄ ተነሥተው አፈሩን እየጠረጉ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። መካከሉ እኛ የምንኖርበት ሜዳ ነው፤ ጤፍና ስንዴ የሚያበቅል፣ ለእግርም ለአጋሰስም የተመቸ፣ ገበያ ለማቆም የተፈጠረ የሚመስል ወይና ደጋ። ከዚያ ሜዳው በድንገት ያልቅና መሬቱ ይሰነጠቃል። ከሜዳው ጠርዝ እስከ ውሃው ድረስ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ነው። ወይራው ከላይ ይቀራል፣ ቆላው ሲጀምር የዕጣን ዛፍ ይመጣል፣ ከታች ሙቀቱ እንደ እቶን ነው። በደጀን በኩል በመኪና የወረዳችሁ ሰዎች ዓለቱ ሲለዋወጥ አይታችኋል፤ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ከሁሉም በታች ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ። ያ የኖራ ድንጋይ የባሕር ወለል ነበረ፤ ይህ አገር በጥንት ዘመን በባሕር ውሃ ተሸፍኖ እንደነበር የሚመሰክር ነው።

ይህ ሸለቆ ጎጃምን ከምሥራቅ፣ ከደቡብና ከምዕራብ ይከብባል። እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ ዓባይ የጎጃም አጥር ነው ሲባል ሰምተናል። አጥርነቱ ግን ዓመቱን ሙሉ አይደለም። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ፣ ግንድና አፈር እየጠራረገ፣ ማንንም አያሳልፍም። መስቀል አልፎ ውሃው መጉደል ሲጀምር መሻገሪያው አንድ በአንድ ይከፈታል። በጥልቁ በኩል ሰው በአየር በተነፋ አቁማዳ ላይ ተንተርሶ ይሻገራል፣ ከብቱ እየዋኘ ይከተላል፣ አዞ እንዳይቀርብ ከሁለቱም ዳር ድንጋይ ይወረወራል፣ ይጮኻል። በጋው ሲጠና በእግር የሚገባበት ቦታ ይገኛል። ንዳዱን ፈርቶ በረሃው ውስጥ የሚያድር አልነበረም፤ ያልቻለ ብቻ ያድራል። ስለዚህ ተሻጋሪው ሁሉ ከቁልቁለቱ በፊት የሚያርፍበት፣ አጋሰሱን የሚያሳርፍበት፣ ወሬ የሚጠይቅበት ደጋ ላይ ያለ ቦታ ይፈልጋል። የጁቤን የወለዳት ይህ ነው።

የሰዉስ ነገር? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ በችኮላ እናልፈዋለን። ከ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ኦሮሞ ከማዶ እየመጣ ዓባይን ተሻግሯል። በማዶ ይኖር የነበረው ጋፋትም ከዚያ ተገፍቶ ወዲህ ገብቷል። ቢክ እዚህ በነበረበት ጊዜ ከመዘገባቸው ቋንቋዎች አንዱ የጋፋት ነው፤ ዛሬ ያ ቋንቋ ጠፍቷል። ዐፄ ሱስንዮስ በልጅነታቸው በኦሮሞ ተማርከው ከእነሱ ጋር ያደጉ ሰው ነበሩ፤ ለዙፋን ሲዋጉ ከጎናቸው ያሰለፉት ያንኑ ወገን ነው፣ ሲነግሡም ብዙውን በጎጃምና በዳሞት መሬት ሰጥተው አሰፈሩት። ወረዳችን ባሶ ሊበን ይባላል፤ ሊበን የሚባል ወረዳ ደግሞ ከዚህ እጅግ ርቆ በደቡብ፣ በኦሮሞው አገር አለ። ሰፋሪው ተጠመቀ፣ ርስት ያዘ፣ ተዋለደ፣ ጎጃሜ ሆነ። በሌላ በኩል ከጌታው የተጣላ፣ ግብር የከበደው፣ ደም ያለበት የጎጃም ሰው ደግሞ ወደ ማዶ ይሸሽ ነበር። በማዶው በጉድሩ ውስጥ ከሁሉም ገንኖ የወጣው የአሰንዳቦው ጌታ ጋማ ሞራስ ራሱ የጎጃም ስደተኛ ዘር ነው። እንግዲህ ወሰኑ እንዲህ ያለ ነው፤ በሁለቱም በኩል የሌላው ወገን ልጅ የተቀመጠበት።

ወደ ገበያው እንግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ በጎጃም ከባሶ የሚበልጥ ገበያ አልነበረም። ከደቡብ ያለው መንገድ ከከፋና ከጅማ ተነሥቶ በእናርያ፣ በሊሙ በኩል ሰቃ በሚባለው ገበያ አልፎ፣ ሌቃንና ሆሮን አቋርጦ ጉድሩ አሰንዳቦ ይደርሳል፤ ከዚያ ዓባይ፣ ከዚያ እኛ ዘንድ። ከባሶ ወደ ሰሜን በደራ በኩል ጎንደር፣ ከጎንደር ወይ ወደ መተማ ወይ ወደ ምፅዋ። ከማዶ የሚመጣው ቡና፣ ኮረሪማ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ ነው። ከወዲህ የሚሄደው ጨው፣ ሸማ፣ ጨሌ፣ መዳብ።

ከሁሉም የገረመኝ ጨዉ ነው። አሞሌ ከአፋር ምድር፣ ከአርሆ ሜዳ ተጠርቦ የወጣ፣ ክንድ የማያህል፣ መካከሉ ወፈር ብሎ ጫፍና ጫፉ ሰልሎ የተሠራ የጨው ጡብ ነው። ከዚያ ሜዳ እስከ ባሶ ድረስ በአህያና በበቅሎ ጀርባ ስንት ተራራ ወጥቶ ወርዷል። ገዢው ሲቀበለው በጣቱ ያንኳኳዋል፣ ጠርዙን ይዳስሳል፤ የተሸረፈ ዋጋው ይቀንሳል። እርጥበት ሲበላው ገንዘቡ ይሟሟል ማለት ነውና ክረምቱን ያለ ጥንቃቄ አያሳልፉትም። እየራቀ በሄደ ቁጥር ደግሞ ዋጋው ይጨምራል። አንድ ጠገራ ብር ጎጃም ውስጥ የሚገዛው የአሞሌ ብዛት እናርያ ከሚገዛው ይበልጣል። የነጋዴው ትርፍ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነበር። ዝባዱ በበኩሉ በከብት ቀንድ ታሽጎ ይመጣል፤ ጥርኙ በቀፎ ተይዞ፣ ሥጋ እየበላ፣ ከጥቂት ቀናት አንድ ጊዜ የሚጠረግ ቅባት ነው። ከአንድ ቀንድ ዝባድ ጀርባ ስንት ሰው፣ ስንት ጥርኝ፣ ስንት ኬላ እንዳለ አስቡት።

የጁቤ ራሷ በአብዛኛው የእስላም ነጋዴዎች መኖሪያ ነበረች። የባሶ ገበያ ደግሞ ሁሉንም የሚያገናኝ ሜዳ ነው። ነጋዴው አማርኛም ኦሮምኛም ይናገራል፤ ሁለቱን ያልቻለ አይሠራም። ማዶ ሲሻገር ወንጀል ቢደርስበት የሚቆምለት፣ ዕቃውን የሚያስጠብቅለት፣ እንደ ወገን የሚቆጥረው የጉድሩ ሰው ያስፈልገዋል። የጉድሩ ሰውም ባሶ ሲመጣ የሚያርፍበት ቤት አለው። ይህ ጥበቃ የተሠራው በቃልና በዝምድና ነው፤ ዘብ አልቆመበትም፣ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት አገልግሏል።

አሁን ደግሞ የከበደውን ክፍል ላንሣ። በባሶ ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር። ከከፋ፣ ከእናርያና ከዙሪያው የተነጠቁ ልጆችና ሴቶች በዚሁ ቁልቁለት ወርደው፣ በዚሁ ወንዝ ተሻግረው፣ በዚሁ ሜዳ አልፈው ወደ መተማና ምፅዋ ተነድተዋል። ፍትሐ ነገሥት ክርስቲያኑን ባሪያ መነገድ ይከለክለዋልና ንግዱ በግልጽ በእስላሙ እጅ ነበረ፤ ከጀርባው ግን የክርስቲያኑም ገንዘብ፣ የባላባቱም ቀረጥ አለበት። የዚህን ገበያ ታሪክ ስንተርክ ቡናውንና ዝባዱን አንሥተን እነዚያን ልጆች ብንተዋቸው ታሪክ አልተናገርንም። ባርነት በአገራችን በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህም ማለት ያንን ዘመን ያዩ ሰዎች ከአያቶቻችን ጋር በአንድ ገበያ ውለዋል ማለት ነው።

የጎጃም መሳፍንት የባሶን ጥቅም በደንብ ያውቁ ነበር። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ የሚኖሩት ከቀረጡ ነው፤ ልጃቸው ብሩ ጎሹ ከአባቱ ጋር የተጣላው፣ የታረቀው፣ እንደገና የተጣላው ማን የት ይገዛል በሚለው ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሲራራው የሚሻገርበት ወራትና ሠራዊቱ የሚሻገርበት ወራት አንድ ነው። መሻገሪያውም አንድ ነው። በጋ ሲሆን ከጎጃም የተነሣ ጦር ጉድሩ ገብቶ ከብት ይነዳል፤ በዚያው በጋ ነጋዴው በዚያው መንገድ ቡና ጭኖ ይመጣል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱ ጎን ለጎን የኖሩት መስፍኑ ማዶውን ፈጽሞ ካጠፋው ቀረጡም አብሮ እንደሚጠፋ ስለሚያውቅ ነው። ጎሹ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከካሳ ኃይሉ ጋር ተዋግተው ወደቁ። በዚሁ ዓመት ጉልየልሞ ማሳያ የተባሉት የካቶሊክ ጳጳስ ነጋዴ መስለው፣ ስማቸውን ለውጠው ዓባይን ተሻገሩና አሰንዳቦ ገቡ። ጦርነቱ እየነደደ መንገዱ አልተዘጋም ነበር። ካሳ ቴዎድሮስ ከመባላቸው በፊት በ1846 ብሩንም ማርከው አሰሩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፍ። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1845 መንቆረርን፣ የዛሬዋን ደብረ ማርቆስ፣ ቆረቆሩ፤ የጎጃም የሥልጣን ማዕከል ከባሶ አጠገብ ሰፈረ ማለት ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 በቦሩ ሜዳ እስላሙ ሁሉ ይጠመቅ ሲሉ ያወጁት አዋጅ የነጋዴውን ወገን በየአገሩ በትኖታል፤ የጁቤን የመሰለ ሰፈርም ሳይነካ አልቀረም። በ1873 ራስ አዳል የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ተክለ ሃይማኖት ሲሰኙ፣ ከፋ የሚለው ቃል ባዶ ማዕረግ አልነበረም፤ ባሶን የመገበው መንገድ ሁሉ የጎጃም ይሁን ማለት ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም የሚፈልጉት ያንኑ መንገድ ነበር።

የሁለቱ ጦር እንባቦ ላይ ተገናኘ። ቦታው ከዚህ ማዶ፣ ጉድሩ ውስጥ ነው። ጊዜው የግንቦት መጨረሻ 1874 ዓ.ም.፣ ወንዙ ሊሞላ ሲቃረብ። የሸዋው ጦር በራስ ጎበና ፈረሰኞች በርትቶ አሸነፈ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ስንት የጎጃም ቤት በዚያን ክረምት ለቅሶ እንደተቀመጠ አስቡ፤ ማዶ ደግሞ ቤቱና እህሉ መካከል ሁለት ነገሥታት የተዋጉበት የጉድሩ ገበሬ አለ፤ እሱን ማንም አይዘክረውም። ዐፄ ዮሐንስ ሁለቱንም ቀጡ፤ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን፣ ከምኒልክ ወሎን ወሰዱ። ማዶውን ግን ምኒልክ ያዙት። ቡናው፣ ወርቁና የዝሆን ጥርሱ ወደ ሸዋ ዞረ፤ መጀመሪያ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ በመጨረሻም ወደ ባቡሩ። በ1881 ዮሐንስ ራሳቸው ዘምተው ጎጃምን አወደሙት፤ ክፉ ቀን ተከተለ። ባሶ ከዚያ ወዲያ የቀድሞውን አልሆነችም። በጣሊያን ዘመንና ከዚያም በኋላ የመኪናው መንገድ በደጀንና በጎሐ ጽዮን በኩል ሲሠራ፣ ድልድዩም እዚያ ሲቆም፣ የጁቤ ከመንገድ ዳር ወጣች። ከዚያ ወዲህ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይም የቆመው እዚያው ነው።

እንግዲህ የእኔ ነጥብ ይህ ነው። የጁቤን ያከበራት ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣ ሰው ነበር። ወሰኑ ሲከራከሩበት እንኳ ገበያው ቆሟል፤ ገበያው የወደቀው አንዱ ወገን መንገዱን ለብቻው ሲወስደው ነው። በትምህርት ቤት እንባቦን እናስተምራለን፤ ባሶን አናስተምርም። ልጁ ከማዶው ሕዝብ ጋር ያለውን ታሪክ በአንድ ቀን ጦርነት ብቻ ያውቀዋል፤ የዘመናት ንግዱን፣ መጠጊያውን፣ አብሮ መብላቱን አያውቅም። በዚህ ምክንያት የሚደርሰው ጉዳት የመጽሐፍ ጉዳት ብቻ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ከሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ቤታቸው ተቃጥሎ፣ ዘመድ ሞቶባቸው ወደዚህ የተሻገሩ አማሮችን እናንተ በዓይናችሁ አይታችኋል፣ አስጠግታችኋል። እዚያው ማዶ ደግሞ ከቀያቸው የተፈናቀሉ፣ የተገደሉባቸው ኦሮሞዎች አሉ። የሁለቱም አያቶች ባሶ ገበያ ላይ አሞሌ አንኳኩተው የተቀባበሉ ሰዎች ናቸው። ይህን ሳስብ ልቤ ይደማል፤ ደብቄ ልናገር አልችልም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አለ። የድሮው ገበያ የት እንደነበረ፣ የነጋዴው ሰፈር ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ወደ ዓባይ የሚወርደው የእግር መንገድ በየትኛው ጥግ እንደሚያልፍ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከመካከላችን አሉ። ከእነሱ ጋር ሄደን ቦታውን እናመልክት፤ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይለኩት፣ ይሣሉት። ቢክ በእጁ የጻፈው ማስታወሻ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቅጂው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይገባል፣ ከዚያም የእኛን ቦታ የሚመለከተው ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ተመልሶ በሁለቱም ዳር ትምህርት ቤቶች ይነበብ። አሰንዳቦ በኩል ይህንኑ ሥራ የሚሠራ መምህር እንደማይጠፋ አምናለሁ፤ መጻፍ የምንጀምረው ለእሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ጊዜው የእናንተ ነው። ከእናንተ መካከል አያቱ ማዶ ሲነግድ የነበረ፣ የወረደበትን መሻገሪያ ስም የሰማ ካለ፣ ከጥያቄ አስቀድሞ እሱ ይናገር። እኔም ለመጻፍ ብዕሬን ይዣለሁ።